«ምንም» የሚለውን የተጫንኩ ሰውዬ

ዓርብ፣ ፌብሩወሪ 7

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መኪናዋ በሁለተኛው ሙከራ ተነሳች። እንደ ሁልጊዜው ዓርብ፣ ቨርን ምግብ ቤት ሄጄ ዓሣዬን ይዤ መጣሁ። ሁለት ቁራጭ ዓሣ፣ የድንች ቂጣ፣ የጎመን ሰላጣ፣ አጃ ዳቦ። እዚያው ቁጭ ብዬ አልበላም። ብቻውን ጠረጴዛ ይዞ የሚበላ ሰው ማየት አልወድም፣ በተለይ ሰውዬው እኔ ስሆን።

መውሰጃው መስኮት ላይ ያለችው ሎሬታ ናት። ካርዴን ተቀበለች፣ ያቺን ጉርሻ የምትጠይቅ ስክሪን ወደ እኔ አዞረቻት። አሥራ ስምንት በመቶ፣ ሃያ፣ ሃያ አምስት... ከታች በትንንሽ ፊደል ደግሞ «ምንም»። እኔ ጉርሻ ስመርጥ እሷ ጣራውን ታያለች። ሁልጊዜ። ጣራው ላይ ምንም የለም፣ አንድ ቀን እኔም አይቼዋለሁ። እንዳልሳቀቅ ብላ ነው።

ሃያ አምስትን ተጫንኩ። ለምን? ሄጄ ያመጣሁት እኔ፣ ተሸክሜ የመጣሁት እኔ፣ ሳህኑን የማጥበው እኔ። ግን ኦክቶበር ላይ «አዲሱ ጓንትህ ያምርብሃል ኖርበርት» ካለችኝ ወዲህ ጣቴ ሌላ ቦታ አላርፍ አለ።

ዛሬም ሳቀችልኝ። «መንገዱ ያንሸራትታል፣ ቀስ ብለህ ንዳ» አለች። ቀስ ብዬ ነዳሁ። ዓሣው ቀዘቀዘ።

እሑድ፣ ፌብሩወሪ 9

እህቴ በርኒ ደወለች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው የምትደውለው። ሚልዋኪ ሆና፣ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቃ፣ ወጥ ቤቴ መሐል የቆመች ነው የምትመስለኝ። ምን እንደነካኝ እንጃ... ስለ ሎሬታ ነገርኳት። እራት ልጋብዛት እያሰብኩ ነው አልኳት። ስድሳ አራት ዓመቴ ነው። አግብቼ አላውቅም። በሕይወቴ አንዲት ሴት እራት ጋብዤ ነበር፣ እሷም ጥርሴን አመመኝ ብላ ቀረች።

«ጉርሻ ስንት ነው የምትሰጣት?»

«ሃያ አምስት በመቶ።»

«ለሚወሰድ ምግብ? አብደሃል እንዴ አንተ! ቁጭ ብለህ ብትበላ ሃያ። ተሸክመህ ለምትሄደው አሥር፣ እሱም ዝናብ ካለ!»

«ትስቅልኛለች እኮ በርኒ።»

«በሃያ አምስት በመቶማ እኔም እስቅልሃለሁ።»

እሷ መች ዝም ትላለች። «ፈትናታ! ሁለት ሦስት ሳምንት ምንም አትስጥ። ያኔም ከሳቀችልህ የእውነት ነው። ካልሳቀችም ከእራት ወጪ ዳንክ።»

ስልኩን ዘጋሁት። ነገሩ ግን አልተዘጋልኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ከተማ ደብዳቤ አድያለሁ። የሰዉን ሁሉ ደጅ፣ የሰዉን ሁሉ ውሻ አውቃለሁ። የአንዲት ሴት ሳቅ ለእኔ ይሁን ለካርዴ ግን አላውቅም። ማወቅ አለብኝ። ሳላውቅ እራት ብላት፣ እሷም ደንበኛ ላለማስቀየም ብላ እሺ ብትለኝስ? ከዚያ የከፋ ውርደት አለ?

ማክሰኞ፣ ፌብሩወሪ 11

ለደም ምርመራ ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ ሦስት ጊዜ ወግታ ነው ደም ሥሬን ያገኘችው። ስጨርስ እጄ ኪሴ ገባ። ልማድ ነው። አምስት ዶላር ዘረጋሁላት።

«ምንድን ነው?» አለች።

«ለ... ለድካምሽ።»

«ሚስተር ስኪባ፣ እዚህ አይቻልም።»

አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ሦስት ጊዜ ወግታህ? አንተ ደግ ሰው ነህ» አሉኝ።

መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ለፀጉር ቆራጭ ይሰጣል፣ ለጥርስ ሐኪም አይሰጥም። ሁለቱም የሚሠሩት ጭንቅላቴ ላይ ነው። ፒዛ ለሚያመጣ ይሰጣል፣ ማቀዝቀዣ ተሸክሞ ደረጃ ለወጣ... ይሰጣል መሰለኝ፣ ግን ስንት? በማቀዝቀዣው ዋጋ ነው ወይስ በደረጃው ብዛት? ማነው ይህን የወሰነው? ትናንት ነዳጅ ማደያ ሰው የሌለበት ማሽን ራሱ ጉርሻ ጠየቀኝ። ውሃውን ከመደርደሪያ ያነሳሁት እኔ፣ ማሽኑ ላይ ያስነበብኩት እኔ። ሃያ በመቶው ለማን ነው? ለእኔ ከሆነ እሺ።

ዓርብ፣ ፌብሩወሪ 14

የፍቅረኞች ቀን። መስኮቱ ላይ የወረቀት ልቦች ለጥፋለች። በዚህ ቀን «ምንም» ብሎ መጫን ነፍስ ማጥፋት ነው። ጭራሽ በእጄ ጽፌ ሠላሳ በመቶ ሰጠሁ። አዘንኩላት እንዳልል... ፈራሁ። እውነቱን ልጻፍ።

ዓርብ፣ ፌብሩወሪ 21

ተጫንኩት።

ወረቀቱ ወጣ፣ ሎሬታ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ አየች። ጣራውን አይደለም፣ እኔን።

አልሳቀችም። ግን አልተቆጣችም። ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር ምን ልበለው?

«ደህና ነህ ኖርበርት?»

«ደህና ነኝ።»

«የእውነት?»

«አዎ። ብርዱ ነው።»

«ቆይ» ብላ የምግብ ሣጥኔን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ገባች፣ መልሳ ይዛው ወጣች። ቤት ገብቼ ስከፍተው አራት ቁራጭ ዓሣ። የከፈልኩት ለሁለት ነው። ይህ ምን ማለት ነው? በርኒ ስለ ሳቅ እንጂ ስለ ተጨማሪ ዓሣ ምንም አላለችም።

ዓርብ፣ ፌብሩወሪ 28

ሁለተኛው «ምንም»። ሎሬታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሁሉም ያልፋል» አለችኝ። ምኑ? ከዓሣው ጋር የድንች ሾርባ ጨመረችልኝ። የምግብ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ሾርባ ነው።

ይባስ ብሎ ባለቤቱ ቨርን ራሱ ወጣ። ሰባት ዓመት ደንበኛው ስሆን «ሎሚ ትፈልጋለህ?» ከማለት በቀር ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ዛሬ እጄን በሁለት እጁ ያዘው።

«ድንች የሚልጥ ሰው እፈልጋለሁ» አለኝ።

«ጡረታ ላይ ነኝ እኮ ቨርን።»

«አውቃለሁ። ክብርህንም አውቃለሁ። ለማንም አልናገርም።»

ምኑን ነው የማይናገረው?

እሑድ፣ ማርች 2

ገባኝ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

ከቅዳሴ ስወጣ አባ ራልፍ እጄን ጨበጡና ጆሮዬ ስር «የምግብ ዕደላው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። በጓሮ በር በኩል ከገባህ ማንም አያይህም» አሉኝ።

ለካስ በዚህ ከተማ ጉርሻ የሚያቆም ሰው ሁለት ዓይነት ብቻ ነው። ወይ ክፉ፣ ወይ የደኸየ። እኔን ክፉ ማለት ከበዳቸው።

አስተባብል ይሆን? ምን ብዬ? «አይ አባ፣ አልደኸየሁም፣ ሴትዮዋን እየፈተንኳት ነው» ልበል? ደግሞ ማን ጠየቀኝ! እዚህ ሰው በቀጥታ አይጠይቅም። ቤትህ ቢቃጠል እንኳን «ዛሬ ሞቅ ብሏል፣ አይደል?» ነው የሚሉህ።

ረቡዕ፣ ማርች 5

የአመድ ረቡዕ፣ ካህኑ ግንባር ላይ አመድ የሚቀቡበት የጾም መግቢያ። ግንባሬ ላይ አመድ ይዤ ቤት ስመለስ የደጄ በረዶ ተጠርጓል። ማን እንደጠረገው አይታወቅም። ደረጃው ላይ ሦስት ትሪ መኮሮኒ በቱና። አንዱ ላይ «ትሪውን መመለስ አያስፈልግም» የሚል ወረቀት። ፀጉር ቆራጩ ጋ ሄጄ ተቆረጥኩ፣ ገንዘብ አልቀበልም አለ። ጉርሻውን አይደለም፣ የፀጉሩን። ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ሻምፖ ሰጥቶ አስወጣኝ።

ዓርብ፣ ማርች 7

ዛሬ ይብቃ ብዬ ሄድኩ። ሃያ አምስትን ልጫን ጣቴን ስዘረጋ ሎሬታ እጄን ያዘችኝ።

«አይሆንም» አለች። «እንዲህ እንዳታደርግ። በዚህ ጊዜ።»

እና ራሷ «ምንም»ን ተጫነችልኝ።

እጄን ያዘችኝ! እጇ ሞቃት ነው፣ ጣቶቿ ላይ ዘይት ያቃጠላቸው ትንንሽ ጠባሳዎች አሉ። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ያዘነችለት ሰውዬ እኔ አይደለሁም፣ የፈጠርኩት ሰውዬ ነው። በራሴ ውሸት መቅናት ጀመርኩ?

ዓርብ፣ ማርች 14

ጉርሻውን በጥሬ ገንዘብ መስኮቱ ላይ ካለው ጠርሙስ ከትቼ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ። ሎሬታ በሽርጧ፣ ያለ ካፖርት፣ በበረዶው ላይ ተከትላኝ መጥታ በመኪናው መስኮት መልሳ ወረወረችብኝ።

«ለነዳጅህ!» ብላ ጮኸች።

ሰው ሁሉ አየ።

ቅዳሜ፣ ማርች 15

የፈሩት ይደርሳል። ግሮሰሪው በር ላይ የራሴ ፎቶ። ጡረታ የወጣሁ ቀን የተነሳሁት፣ ኬክ ይዤ።

«ለኖርበርት ስኪባ የሥጋ ዕጣ። ቅዳሜ ማርች 29፣ ቨርን ቤት። የአሳማ ታፋ፣ የበሬ ጎድን፣ ቋሊማ። ደብዳቤያችንን ሲያመጣልን ኖሯል፣ ዛሬ ተራው የእኛ ነው።»

እዚህ የሥጋ ዕጣ ወጥቶ የቲኬቱ ገንዘብ የሚሰጠው ካንሰር ለያዘው ሰው ነው። ጎተራው ለተቃጠለበት። ፎቶውን ልገነጥለው እጄን ስዘረጋ ገንዘብ ተቀባይዋ «ለማስታወሻ ከፈለግክ ሌላ አለ» አለችኝ። ሰጠችኝም። ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

እሑድ፣ ማርች 16

በርኒ እያለቀሰች ደወለች።

«ለምን አልነገርከኝም? ከሰው ልስማ? ቁማር ነው? ንገረኝ፣ ቁማር ነው?»

«በርኒ! ጉርሻ አትስጥ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

«እኔ ፈትናት አልኩ እንጂ ደህይ አልኩህ?»

«አልደኸየሁም!»

«ኩራትህን ተወው። የታሸገ አተር ይዤ እመጣለሁ።»

አለመደኸየቴን ሰው ማስረዳት ይሄን ያህል ከባድ ነው? የባንክ ደብተሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ልዙር?

ቅዳሜ፣ ማርች 29

ቨርን ቤት ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። አባ ራልፍ በር ላይ ቲኬት ይሸጣሉ። ሥጋው በበረዶ ሣጥን ተደርድሯል። ያገኘኝ ሁሉ ትከሻዬን መታ መታ ያደርጋል፣ ማንም ምንም አይጠይቅም። በርኒ አተሯን ይዛ መጥታለች። እኔም አምስት ቲኬት ገዛሁ። ሰው ለራሱ ችግር ሳያዋጣ ቢቀር ነውር መሰለኝ።

ቨርን ማይኩን ሰጠኝ። «አመሰግናለሁ» ብዬ መቀመጥ ይቻል ነበር። ሎሬታ ግን ፊት ለፊቴ ቆማለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ያንን እያዩ መዋሸት... አቃተኝ።

«አልደኸየሁም» አልኩ። «ጡረታዬ በየወሩ ይገባል። ቤቱም የራሴ ነው። ጉርሻ ያቆምኩት አንዲት ሴት የምትስቀው ለእኔ ይሁን ለጉርሻው ለማወቅ ነው።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ «እና ለማን ሆኖ ተገኘ?» ብለው ጠየቁ። በሕይወቴ በዚህ ከተማ በቀጥታ ስጠየቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ቨርን ማይኩን ተቀበለኝ፣ ጭንቅላቱን አከከ። «እንግዲህ... ቲኬቱ ተሽጧል። ሥጋውም መቅለጥ ጀምሯል። እንቀጥል?»

«እንቀጥል!» አሉ። ገቢው ለምግብ ዕደላው ይሁን ተባለ፣ ተጨበጨበ። አባ ራልፍ የመጀመሪያውን ቁጥር አወጡ። የአሳማ ታፋ። ቁጥሩ የእኔ ነው። ማንም አላጨበጨበም።

ታፋውን ታቅፌ ስወጣ ሎሬታ መኪናዬ አጠገብ ቆማ ጠበቀችኝ።

«የመስኮቱ ጉርሻ ለማን እንደሚደርስ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ላንቺ...»

«አምስት ሳንቲም አላገኝበትም። ውስጥ ዓሣ ለሚጠብሱት ለሦስቱ ነው። ይህን ዕጣ ማን ያሰበው መሰለህ? እነሱ ናቸው። ዱዋይን ‹ሰውዬው እንዲህ ሲቸገር ዝም ብለን ዓሣ እንጠብሳለን?› ብሎ።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ጥሩ ነበር፣ ታፋዬን እንደያዝኩ።

«ታዲያ ለምን ነበር የምትስቂልኝ?» አልኳት። ምን ዓይነት ሰው ነው በዚያ ሰዓት እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ?

«ሥራዬ ስለሆነ! ለሁሉም ነው የምስቀው። ጫማውን ሳይጠርግ ለሚገባውም፣ ለሚሳደበውም እስቃለሁ። ከንፈሬ እስኪደነዝዝ። ‹ቀስ ብለህ ንዳ› ስል ግን ለሌላ ለማን ስል ሰማኸኝ? ያንን ሾርባ የሠራሁት ሰኞ፣ በዕረፍቴ ቀን ነው፣ እግሬ አብጦ። አንተ ደግሞ ስትፈትነኝ ነበር!»

ሄደች። በርኒ መኪናው ውስጥ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። «እኔ ምንም አላልኩም» አለች።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 4

ሄድኩ። ስክሪኗን አዞረች፣ ሃያ አምስትን ተጫንኩ፣ ጣራውን አየች። ከዚያ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ሳቀች። ለማንም የሚሳቀው ሳቅ ነው። አሁን ለየሁት።

«ሚስተር ስኪባ፣ ደረሰኝ ይፈልጋሉ?»

ይፈልጋሉ! ሰባት ዓመት ኖርበርት ነበርኩ። ቤት መጥቼ ዓሣውን ሳልነካው ተቀመጥኩ። ሰድባኝ ብትሆን ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 10

ቨርን ጋ ሄጄ «የድንቹ ሥራ አለ?» አልኩት። ሁለት ጆንያ ላጥኩ። ደሞዜን ለሦስቱ እንዲያደርገው ነገርኩት። ዱዋይን ክንዱ ጭኔን ያክላል፣ ይመታኛል ብዬ ነበር። የላጥኩትን አንድ ድንች አንስቶ ገልበጥ አድርጎ አየውና «ግማሹን ከልጣጩ ጋር ጣልከው እኮ» አለኝ። ይቅርታ አልኩት። ለድንቹ ነው የመሰለው። ሌላውንም አስረዳሁት። «እና አሁን ትሄዳለህ ወይስ ሽንኩርቱንም ትጨርሳለህ?» አለ። ሽንኩርቱን ጨረስኩ።

ሎሬታ ሁለት ጊዜ ገብታ ወጣች። አላየችኝም። ወይ አይታ አለፈችኝ።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 18

ስቅለት። ሥጋ አይበላምና የዓመቱ ትልቁ የዓሣ ቀን። ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሶ፣ እኔ ከውስጥ ሆኜ ሽርጥ ለብሼ ድንች ስፈገፍግ ዋልኩ። ምግብ በሚተላለፍበት ቀዳዳ ሎሬታን አያታለሁ። ስትስቅ፣ ስክሪኑን ስታዞር፣ ጣራውን ስታይ፣ ስትስቅ። መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ። ወንበር ላይ ዞር ብላ ስትቀመጥ ፊቷ ወደቀ። ያ ነው የራሷ ፊት። ውሃ ወሰድኩላት። ጠጣችው፣ ብርጭቆውን መለሰችልኝ። አመሰግናለሁም አላለች። እኔም ምንም አልጠበቅኩም።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 28

በር ተንኳኳ። ሎሬታ። ሰኞ የዕረፍት ቀኗ ነው። ግራና ቀኙ በማይመሳሰል ካልሲ፣ ሽርጥ የለ፣ ፊቷ ጥቁር ብሏል።

«ቤትህ ይሄ ነው?» አለች። «መጋረጃህ ያስጠላል።»

ገባች፣ ተቀመጠች። እግሯን ሌላኛው ወንበር ላይ ሰቀለች። ምን ላምጣልሽ አልኳት፣ ካለው ነገር ምንም እንዳልፈልግ እርግጠኛ ነኝ አለች። በኋላ ግን ታፋ ያለበት ሳንድዊች በላች፣ ሰናፍጩ በዝቷል አለች። ስለ ቨርን አማረረች። ስለ ጉልበቷ አማረረች። ስክሪን የሚባል ነገር የፈጠረውን ሰውዬ እግዜር ይይለት አለች። ስለ እኔም አማረረች፣ ረዘም አድርጋ፣ ከመጀመሪያው ዓርብ ጀምራ። አዎ አዎ አልኩ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ። አንዴም አልሳቀችም።

በሩ ላይ «ቀስ ብለሽ ንጂ» አልኳት።

«ዓርብ ዓርብ እንደ ማንኛውም ደንበኛ እስቅልሃለሁ» አለች ካፖርቷን እየቆለፈች። «ሰኞ ግን ከእኔ ሳቅ እንዳትጠብቅ። ደክሞኛል።»

«የሚመጣው ሰኞም?»

ፊቷን አኮሳትራ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ምሳ ምንድን ነው?»

እውነቴን ነው፣ በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለዚያ ኩስትርና ማንም አልከፈላትም። መጋረጃውን አውርጄ ጣልኩት። አሁን መስኮቱ ባዶ ነው፣ ጎረቤት ሁሉ ያየኛል፣ ነገ ደግሞ መጋረጃ መግዣ አጣ ይሉኝ ይሆናል።